ከተማ የተሸከመ ጣሪያ

ላንድክሩዘሯን በገዛሁ በሳምንቱ ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ምክር ለገሱኝ። የመጀመሪያው የሰፈራችን ጥበቃ ነው። ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ዞሮ ሲያበቃ «ጋሼ፣ መኪናዋስ ጥሩ ናት፤ ግን ራቁቷን ናት» አለኝ። ሁለተኛው ዘይት የቀየረልኝ መካኒክ ነው፤ እሱ ጭራሽ ሜትር አውጥቶ ጣሪያዋን ለካ። ሦስተኛው አማቼ ናቸው። «ልጄ፣ ፖርቶመጋላ የሌለው የፊልድ መኪና ኮርቻ እንደሌለው በቅሎ ነው» አሉኝ። ከአማት ጋር ክርክር አይገጠምምና ዝም አልኩ። ሄጄም አስገጠምኩ። ያኔ የዋጥኩትን መልስ ነው ዛሬ የምጽፈው።

እምነቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፎር ዊል መኪና ያለ ፖርቶመጋላ ጎደሎ ነው። ፖርቶመጋላው ከፊት መስታወቱ አናት እስከ ኋላ በሩ ከደረሰ፣ በወፍራም ቱቦላሬ ከተበየደ፣ ዙሪያውን ስንዝር የሚያህል አጥር ካለው ደግሞ እሰየው ነው። አንዴ ከተገጠመ አይወርድም። ዕቃ ሲበዛ ከባድ ከባዱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ምክንያቱም «ውስጡ ለሰው ነው»። ይህን የሚሉት ሰዎች ሞኞች ቢሆኑ ኖሮ ወረቀት ባላበላሸሁ። ብዙዎቹ እኔ በሕልሜ ያላየሁትን ያህል ኪሎ ሜትር የነዱ፣ ዳሎል ወርደው ሰሜን ተራራ የወጡ ሹፌሮች ናቸው። በሌላ ነገር ሁሉ ምክራቸውን እሰማለሁ። በዚህች ግን ተሳስተዋል እላለሁ።

በመኪና ላይ ካለው ቦታ ሁሉ ለክብደት የመጨረሻው መጥፎ ቦታ ጣሪያው ነው። ፖርቶመጋላ ለአንድ ጉዞ የሚገጠም፣ ቀላልና ሰፊ ዕቃ የሚይዝ፣ ጉዞው ሲያልቅ የሚፈታ መሣሪያ ነው። እኛ ሲሞላ ጎተራ አደረግነው፤ ባዶ ሲሆን ደግሞ ኒሻን።

ስሙ ራሱ ያስቀኛል። ጣሊያን «ፖርታባጋሊ» ይለዋል፤ ሻንጣ ተሸካሚ ማለቱ ነው። ከፍሪሲዮን፣ ከካምቢዮ፣ ከባሌስትራና ከቸርኬ ጋር አብሮ ጋራዣችን ገባ፤ በሹፌሮቻችን አፍ ሲመላለስ ቆይቶ ፖርቶመጋላ ሆነ። መጋላ ደግሞ በኦሮምኛም በሶማሊኛም ከተማ ነው፤ ድሬዳዋ ውስጥ እንዲያውም የሰፈር ስም ነው። የቋንቋ ሊቃውንት ይቆጡኝ ይሆናል እንጂ፣ በአፍ ወለምታ የተወለደው ስም ከአባቱ ይልቅ እውነቱን ተናግሯል። ጣሊያኑ ሻንጣ እንዲሸከም ሠራው፤ እኛ ከተማ ጫንበት። በበዓል ዋዜማ ከገጠር የሚገባ መኪና ያየ ይመሰክራል፦ የጤፍ ጆንያ፣ የከሰል ጆንያ፣ ሁለት በግ፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች፣ በዚህ ሁሉ መካከል ደግሞ ገመድ ይዞ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ።

ፍቅሩ ከየት እንደመጣ የራሴ ግምት አለኝ። በ1977ቱ ድርቅና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት «ጠንካራ መኪና» ማለት በዓይናችን የእርዳታ ድርጅት ነጭ መኪና ሆነ። ፊቱ ላይ ረጅም አንቴና፣ አናቱ ላይ ፖርቶመጋላ፣ በላዩ ሸራ የለበሰ ጭነት። እነዚያ መኪኖች ምክንያት ነበራቸው። ማደያ በሌለበት፣ ጋራዥ በሌለበት፣ አንዳንዴም መንገድ በሌለበት አገር ሳምንታት ይከርሙ ነበር። እኛ ምክንያቱን ትተን መልኩን ወሰድን። ዛሬ ቦሌ ውስጥ ፖርቶመጋላ የተሸከመ መኪና ከቢሮ ቤት፣ ከቤት ቢሮ ይመላለሳል። አናቱ ላይ የሚጭነው የጽድ ቅጠልና የእርግብ ኩስ ነው። ከሕንፃ ሥር ያለ መኪና ማቆሚያ ሲገባ ሹፌሩ መስኮት አውርዶ አንገቱን ያወጣል፤ ጥበቃው «ና፣ ና፣ ና… ቁም!» ይላል፤ ከጣሪያው የሲጥጥታ ድምፅ ይሰማል። ይህን ትርኢት ለማየት ክፍያ አያስፈልግም፤ ከሰዓት በኋላ የትኛውም የገበያ ማዕከል በር ላይ መቆም ይበቃል።

የከተማውን ልተወው፤ ጉዳቱ ከኪስ አያልፍም። የእኔ ጠብ ከአስፋልት ከወጣው ጋር ነው።

አምራቾች ለእያንዳንዱ መኪና ጣሪያው የሚችለውን ክብደት ጽፈው ያስቀምጣሉ። የሚያነበው የለም እንጂ መጽሐፉ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አለ። (እውነት ለመናገር፣ መኪናው በዱባይ በኩል ከመጣ መጽሐፉ በአረብኛ ነው፤ እሱ እንኳ ከተገኘ።) እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የወጣው ሱዙኪ ጂምኒ ጣሪያው የሚችለው 30 ኪሎ ነው። ሠላሳ! የአንድ ኩንታል ሲሶ አይሞላም። የብየዳ ቤት ፖርቶመጋላ ሲገጠምለት ገና ምንም ሳይጫንበት ድርሻው አለቀ። አዲሱ ላንድሮቨር ዲፌንደር ጠንከር ይላል፦ እየሄደ 168 ኪሎ፣ ቆሞ 300 ኪሎ።

በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የክርክሩ እምብርት ስለሆነ ትንሽ ልቁምበት። መኪናው ቆሞ ሁለት ሰው ጣሪያው ላይ ድንኳን ተክሎ ቢተኛ ብረቱ የሚሸከመው ክብደታቸውን ብቻ ነው። ሲሄድ ግን ሌላ ነው። ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ላይ ያለው 100 ኪሎ ለቅጽበት ያህል የ200 ወይም የ300 ኪሎ ጉልበት ይዞ ይወርዳል፤ ቀጥሎ ወደ ላይ ይነጥራል። እንደ ቆርቆሮ በተሸበሸበ የፒስታ መንገድ ላይ ይህ በደቂቃ ውስጥ መቶ ጊዜ ይደጋገማል። ስለዚህ ነው የአውስትራሊያው ራይኖ ራክ፣ ፖርቶመጋላ ሠርቶ የሚሸጠው ኩባንያ ራሱ፣ ከአስፋልት ስትወጡ የተፈቀደውን ክብደት ለ1.5 አካፍሉ የሚለው። ሻጩ ራሱ ቀንሱ እያለ ገዢው ጨምሩ ይላል። በዚያ ላይ ከተፈቀደው ቁጥር ላይ የፖርቶመጋላው የራሱ ክብደት ይቀነሳል። እዚህ ላይ የአገራችን ትልቁ ስህተት ይመጣል፤ የፖርቶመጋላውን ጥንካሬ የጣሪያው ጥንካሬ አድርጎ መቁጠር። «ይሄ እኮ ዝሆን ይችላል» ይላል በያጁ፣ ላዩ ላይ ወጥቶ እየዘለለ። ይችል ይሆናል። እሱን የሚሸከመው ላሜራ ግን ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ቱቦላሬው በወፈረ ቁጥር ለዕቃው የሚተርፈው ድርሻ ይቀንሳል። ጠንካራ ኮርቻ የደከመች በቅሎን አያጠነክርም።

የእኔን አስፈትቼ የእህል ሚዛን ላይ አስመዝኜዋለሁ፤ 64 ኪሎ። አሁን እንደ ልማዳችን እንጫን። 20 ሊትር ናፍጣ 17 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የብረት ጄሪካኑ 4፤ አራት ጄሪካን 84 ኪሎ። ተቀያሪ ጎማ ከነቸርኬው 32። ድምሩ 180 ኪሎ ሆነ፤ ድንኳኑን፣ የሽንኩርቱን ጆንያና የምግብ ሠራተኛውን ብረት ድስት ገና አልነካሁም።

ይህ 180 ኪሎ ምን ያደርጋል? ለማስረዳት ያህል ከነተሳፋሪው 2,400 ኪሎ የሚመዝን፣ በግራና በቀኝ ጎማው መካከል 1.5 ሜትር ያለው፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 75 ሳንቲ ሜትር የሚርቅ መኪና እናስብ። ጭነቱን 2.1 ሜትር ከፍታ ላይ ስናስቀምጠው ማዕከሉ ወደ 84 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። «ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ምን አላት?» የሚል አይጠፋም። መኪና መቼ እንደሚገለበጥ የሚወስነው በግራና በቀኝ ጎማው መካከል ያለው ስፋት ግማሽ ለማዕከሉ ከፍታ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው፤ የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት መኪኖችን ስለ መገልበጥ ሲመዝን መነሻው ይኸው ስሌት ነው። በምሳሌያችን ከ1.00 ወደ 0.89 ወረደ። በጎን ዳገት እንተርጉመው፦ ቀድሞ 45 ዲግሪ ላይ ይገለበጥ የነበረው መኪና አሁን 42 ሳይደርስ ይሄዳል። ይህ ደግሞ በወረቀት ላይ፣ መኪናው እንደ ድንጋይ ግትር ቢሆን ነው። እውነተኛው መኪና ሞላው ይተኛል፣ ጎማው ይጨመቃል፣ የላይኛው ጭነት ወደ ዘመመበት ይገፋል፤ ስለዚህ የሚወድቀው ከዚያ ቀድሞ ነው። ያንኑ ናፍጣና ጎማ መኪናው ወለል አካባቢ ብታስቀምጡት ማዕከሉ ከነበረበት ብዙም አይነቃነቅም። ክብደቱ ያው ነው፤ ቦታው ነው ነገሩ።

የአባይን በረሃ ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ያቋረጠ፣ ጣርማ በርን በጭጋግ የወረደ፣ ወይም ሊማሊሞ ላይ ከደባርቅ ቁልቁል የተጠማዘዘ ሰው ይህን ስሌት በወንበሩ ያውቀዋል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሮጣል፣ የኋላው ይቀላል፤ ኩርባው ላይ መሪው ሲዞር አካሉ ይታዘዛል፣ አናቱ ግን ትንሽ ዘግይቶ ይከተላል። «መኪናው ይዋኛል» ይላሉ ሹፌሮች። ቃላቸው ትክክል ነው። የሚዋኘው ግን መኪናው ሳይሆን አናቱ ላይ ያለው ከተማ ነው።

አንድ ጊዜ ከወይጦ በአርቦሬ በኩል ወደ ቱርሚ በሁለት የኪራይ መኪና ሄድን። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሞዴል ነበሩ። የእኛው ሙሉ ፖርቶመጋላ ነበረው፤ ስድስት ጄሪካን፣ ሁለት ጎማ፣ የሁላችንም ሻንጣ። የሌላኛው ሹፌር ሽማግሌ ነበሩ፤ አናታቸው ላይ ሁለት አግዳሚ ዘንግና የታሰሩ ፍራሾች ብቻ። የእኛው ሹፌር ጠዋት ሲነሳ ሳቀባቸው፤ «አባባ፣ ሽርሽር ነው እንዴ?» ከሰዓት በኋላ አንድ ደረቅ ወንዝ ስንሻገር የቀኝ የፊት ጎማችን የድንጋይ ጠርዝ ላይ ወጣ። መኪናው ወደ ግራ ዘመመ፤ ከላይ ጓ! የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ማንም አልተናገረም። እኔ በቀኝ መስኮት ሰማይ ብቻ ነበር የማየው። መኪናው አሰበ፣ አሰበና ተመለሰ። ሽማግሌው ከኋላችን መጥተው በዚያው ድንጋይ ላይ ወጥተው አለፉ፤ ፍራሾቹ እንኳ አልተነቃነቁም።

ማታ ቱርሚ ስንደርስ በባትሪ አየነው። ከፖርቶመጋላው እግሮች ሁለቱ የጣሪያውን አሸንዳ እንደ ሰርዲን ቆርቆሮ ገልብጠውታል፤ የፊተኛው ምሰሶ ጫፍ ላይ የጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ ወጥቷል። ሹፌራችን አይቶ ራሱን ነቀነቀና «መንገዱ ነው» አለ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህችን ቃል እሰበስባለሁ። ባሌስትራ ሲሰበር መንገዱ ነው። አሸንዳ ሲቀደድ መንገዱ ነው። መኪና ሲተኛ መንገዱ ነው። ሽማግሌው የመጡበትስ መንገድ የማን መንገድ ነበር?

ስለ አሸንዳው ካነሳሁ አይቀር፤ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሚሠራው የላንድክሩዘር 70 ቤተሰብ፣ እኛ ሀርድቶፕ የምንለው ጭምር፣ በጣሪያው ጠርዝ የዝናብ ውሃ የሚሄድበት አሸንዳ አለው። የፖርቶመጋላው እግር የሚቆነጥጠው እሱን ነው። በመልካም ሁኔታ ጥሩ መያዣ ነው፤ ክብደቱን በጎን ግድግዳው በኩል ወደ ታች ያወርዳል። ግን አራት እግር ብቻ ካለው ሸክሙ አራት ነጥብ ላይ ይወድቃል፤ ስድስት ወይም ስምንት ቢሆን ይሻላል። ማቀፊያው ሥር ጎማ ካልተደረገ ብረት ብረትን ይፍቃል፣ ቀለሙ ይላጣል፣ አቧራው ዝናብ ጠጥቶ ይቀመጣል፣ ዝገቱ ከሥር ይበላል። ፖርቶመጋላው ለዓመታት ስለማይወርድ የሚያየው የለም። አሸንዳ የሌላቸው መኪኖች ዕጣ የባሰ ነው። ፋብሪካው ያዘጋጀውን መግጠሚያ ቦታ ሳይፈልግ መሰርሰሪያ ይዞ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው አለ፤ በቡሎን አስሮ በሲሊኮን ይለስነዋል። እስከ ሰኔ ድረስ ማንም አያውቅም። ሐምሌ ሲገባ ሹፌሩ ጆሮ ሥር ጠብ፣ ጠብ ይጀምራል።

የነዳጁንም ነገር ላንሳ፤ ዛሬ ሁሉም ሰው ስለ ነዳጅ ዋጋ ያማርራልና። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ለሾፌሮች በሚሰጠው ምክር ጣሪያ ላይ የሚገጠም ትልቅ የዕቃ ሳጥን በከተማ ውስጥ ከ2 እስከ 8 በመቶ፣ በአውራ ጎዳና ከ6 እስከ 17 በመቶ፣ በሰዓት ከ105 እስከ 120 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ደግሞ ከ10 እስከ 25 በመቶ የነዳጁን ጥቅም ይቀንሳል ይላል። ያው ዕቃ ከኋላ ቢገጠም ኪሳራው በከተማ 1 ወይም 2 በመቶ፣ በአውራ ጎዳና ከ1 እስከ 5 በመቶ ነው። የእኛው ፖርቶመጋላ ሳጥን ሳይሆን የብረት አጥር ነው፤ ቁጥሩን እንዳለ አልወስድም። ነፋስ ግን በባዶ አጥርም ውስጥ ያፏጫል፤ የአዳማን የፍጥነት መንገድ መስኮት ዘግቶ የሄደ ሰው ፉጨቱን ሰምቷል። ያ ፉጨት በናፍጣ የሚከፈልበት ሙዚቃ ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ፖርቶመጋላ የሚያስበይዱ ሰዎች ማየት ጀምሬአለሁ፤ ስለ እነሱ የምለው የለኝም፤ ባትሪያቸው ይነግራቸዋል።

አሁን ወደ መልሶቻቸው።

«ውስጡ ለሰው ነው፤ ናፍጣ ከቱሪስት ጋር ይቀመጥ ወይ?» አይቀመጥም። በዚህ እረታለሁ። ነዳጅ ሰው ካለበት ክፍል ውስጥ መሆን የለበትም፤ ሽታው ያማል፣ አደጋው ከሽታው ይብሳል። ግን ብዙዎቹ ባለ 78 ሞዴል ሀርድቶፖች እያንዳንዱ 90 ሊትር የሚይዝ ሁለት ታንክ አላቸው፤ 180 ሊትር፣ እሱም ከወለሉ በታች፣ መሆን ባለበት ቦታ። መቶ ኪሎ ሜትሩን በ15 ሊትር ቢሄድ 1,200 ኪሎ ሜትር ነው። ታዲያ አራት ጄሪካን ላይ የሚወጣው ለምንድን ነው? «ማደያ ቢኖርም ናፍጣ አይኖርም» ይሉኛል። ይህ እውነት ነው፤ ከክርክራቸው ሁሉ የሚያመኝም ይህ ነው። ሰልፍ ላይ ያደረ ሰው ስለ ክብደት ማዕከል እንዲሰማ አልፈርድም። እንግዲያው ታንኩ ጢም ብሎ ይሞላ፤ አንድ ወይም ሁለት ጄሪካን በኋላ በር መያዣ ላይ ዝቅ ብሎ ይታሰር፤ ባዶዎቹ ጄሪካኖች ይውጡ ላይ። ባዶ ጄሪካን 4 ኪሎ ነው፤ እንኳን አራት ስድስትም ይውጣ።

«ቢገለበጥ ጣሪያውን ይከላከላል» የሚሉም አሉ። ይህን የሰማሁት ከአንድ ሰው ብቻ ቢሆን ባላነሳሁት፤ ግን በየጋራዡ ይባላል። አሸንዳ ላይ በማቀፊያ የቆመ ብረት መኪና ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚሸሽ ነው። መኪናውን እንዲገለበጥ የገፋውን ነገር አዳኝ ብሎ ማመስገን ደግሞ ሌላ ጉድ ነው።

«በአፋር ፀሐይ ጥላ ይሆናል።» ይህቺኛዋን እወዳታለሁ፤ ምክንያቱም ትክክል ናት። ላንድሮቨር በድሮዎቹ ሞዴሎቹ ላይ ለሞቃት አገር ሁለተኛ ስስ ጣሪያ በላዩ ይገጥም ነበር፤ በሁለቱ መካከል ነፋስ እየገባ ውስጡን ያቀዘቅዛል። ጥላ የፈለገ ስስ አልሙኒየም ያልብስ እንጂ ጥላ ለማግኘት 180 ኪሎ መሸከም ምን ይሉታል?

አፋር ካልን ዘንድ፣ ሃመድ ኤላ ላይ ማለዳ የተነሳ ሰው የሚያየውን ነገር ልጥቀስ። የጨው ግመሎች ተሰልፈው ይሄዳሉ። አሞሌው በግራና በቀኝ ጎናቸው እኩል ተከፍሎ ተንጠልጥሏል፤ ሻኛው ላይ የተቆለለ አንዲት አሞሌ የለም። አንዱ ጎን ቢያዘነብል ነጂው ያስቆማል፣ ይፈታል፣ እንደገና ያስራል። የዚያን ሰው አያትም አባትም እንዲህ ነው የጫኑት። ከግመሎቹ ጎን ደግሞ የቱሪስት መኪኖች ተደርድረዋል፤ የጭነታቸው ሁሉ ከባዱ አናታቸው ላይ ነው። ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ አይቼ፣ የትኛው ነው ሳይንስ የተማረው ብዬ ነበር።

ፖርቶመጋላን ፈጽሞ ጠልቼው አይደለም። ፍራሽ፣ ድንኳን፣ መሰላል፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ለድግስ የሚወሰድ ባዶ በርሜል፣ ይህ ሁሉ ውስጥ ሲገባ ሰው ያስወጣል፣ ላይ ሲወጣ ማንንም አይጎዳም። ለእሱ ሁለት ወይም ሦስት አግዳሚ ዘንግ ይበቃል፤ በቁልፍ አሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ይገጠማል፣ ባነሰ ይፈታል። እኔ ለራሴ ያወጣሁት ልክ 50 ኪሎ ነው፤ መጽሐፉ ከዚያ በላይ ቢፈቅድም አልፍበትም። ከባዱ ወለል ላይ፣ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ተጠግቶ፣ በመረብ ወይም በገመድ ታስሮ። ጎማው የኋላ በሩ ላይ። የማይበቃ ከሆነ ዕቃው በዝቷል፤ ሁለተኛ መኪና ወይም ተሳቢ ያስፈልጋል፤ ወይ ደግሞ ሻንጣ እንደገና ይከፈት። ለሦስት ቀን ጉዞ ስምንት ጫማ ይዞ የሚመጣ ሰው አጋጥሞኛል፤ የዘመድ ልጅ ስለሆነ ስሙን አልጠራም።

አስጎብኚዎች በዚህ ይስቁብኛል። አንድ ተጨማሪ መኪና ማለት ትርፋቸው ነው፤ አውቃለሁ። ግን ለተገነጠለ አሸንዳ፣ ለተሰበረ ባሌስትራ፣ ጉዞው መሐል ለቆመ መኪና የሚከፍሉትን በዚያው ደብተር ላይ አይጽፉትም። ያ ወጪ የሚመዘገበው «መንገዱ ነው» በሚለው ገጽ ነው።

የእኔን ፖርቶመጋላ አውርጄ ሁለት ዘንግ አስቀረሁ። በያጁ ስምንት ቡሎን ሲፈታ እንደ አልቃሽ ነበር የሚያየኝ፤ «ልሽጠው?» አለኝ፤ አልሸጥኩትም፤ 64 ኪሎ ብረት ግቢ ውስጥ ሥራ አያጣም። አራት ብሎኬት ላይ አጋድሜ ጆንያ አለበስኩት።

ለኅዳር ሚካኤል አማቼ ቤታችን መጡ። በር ላይ ቆመው መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አዩ።

«ኮርቻው የታለ?» አሉኝ።

«አባባ፣ በቅሎዋ ቤቷ ገብታለች። ቤቷ ስትገባ ኮርቻዋ ይወርዳል ብዬ ነው።»

ዝም አሉ። ከዚያ በምርኩዛቸው ወደ ግቢው ጥግ ሄዱ። ፖርቶመጋላው ላይ የባለቤቴ በርበሬ ተሰጥቶ ነበር፤ ነፋስ ከሥርም ከላይም ያገኘዋል። አንዱን አነሱ፣ ሰበሩት፣ አሸተቱት።

«ደርቋል» አሉ።